ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ ልጆችን ምን ያጫውታቸዋል?

እህቴ፣ የ5፣ የ8 እና የ11 ዓመት ወንዶች ልጆችሽን ይዛችሁ ለፋሲካ በሻሸመኔ በኩል አርባ ምንጭ እንደምትወርዱ ጽፈሽ፣ «መንገዱን ሁሉ ስልክ ሳልሰጣቸው እንዴት ልዝለቀው?» ብለሽ ጠይቀሻል። የባለቤቴ ቤተሰቦች እዚያው ስለሆኑ እኛም ከልጆቻችን ጋር የምንመላለስበት መንገድ ነው።

ልጅ መኪና ውስጥ የሚነጫነጨው አብዛኛውን ጊዜ የት እንዳለና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። በመንገዳችሁ ዋዜማ ትልቁ ልጅሽ የከተሞቹን ስም በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ፣ ሃላባ፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ። ያለፋችሁትን መሰረዝ የትንሹ ሥራ ይሁን። «መቼ ነው የምንደርሰው?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይቀንስልሻል።

ከጨዋታ ሁሉ እኔ የማስቀድመው እንቆቅልሽን ነው። የዛሬ ልጆች «ምን አውቅልህ» ማለቱን ያውቃሉ፤ አገር መስጠቱን ግን ብዙዎቹ ይዘሉታል፣ ለመንገድ ደግሞ ዋናው እሱ ነው። መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል ከወረቀቱ ላይ አንዱን ከተማ ይስጥ። የተቀበለው እዚያ ገብቶ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ እየዘረዘረ ይኩራራበትና መልሱን ይናገራል። በእኛ መኪና የሚበላው ሁሉ የዚያው አገር ምርት መሆን አለበት። መቂን የወሰደ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ ዝዋይን የወሰደ ዓሣ፣ ሃላባን የወሰደ በርበሬ፣ አርባ ምንጭን የወሰደ ሙዝና ማንጎ ይጠራል። ሌላ ነገር የጠራ ተራውን ያጣል። ታዲያ ልጆቹ በየመንገዱ ዳር ምን እንደተደረደረ፣ ጋሪው ምን እንደጫነ ሲያዩ ዓይናቸውን ከመስኮት አይነቅሉም። የአዋሽን ድልድይ ስትሻገሩ «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው» ብለሽ ጀምሪላቸው፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይፈጥራሉ፣ የልጆች እንቆቅልሽ ደግሞ እንዴት ደስ እንደሚል!

የመስኮት ጠብ እንዳይነሳ ይህን ያዢልኝ፦ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ዝዋይና ላንጋኖ በግራ፣ አብያታና ሻላ በቀኝ ናቸው። ከሶዶ በኋላ አባያ እንደገና በግራ ይመጣል። ስለዚህ በቆማችሁ ቁጥር ቦታ ይለዋወጡ። ዝዋይ ስትደርሱ የቱሉ ጉዶን ደሴት ታሪክ ንገሪያቸው፤ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚያ እንደተሸሸጉ በትውፊት ይነገራል። በምን ተሻገሩ? ማን ቀዘፈ? ምን እየበሉ ኖሩ? የ8 ዓመቱ ልጅሽ ሻሸመኔ እስክትደርሱ በጥያቄ ያጣድፍሻል።

መኪና የሚያዞረው ልጅ ካለ ስልክም መጽሐፍም ያባብስበታል። ዓይኑ አንድ ቦታ ተተክሎ ሳለ የጆሮው ውስጠኛ ክፍል የመኪናውን እንቅስቃሴ ስለሚያውቅ ነው የሚያቅለሸልሸው። ወደ ፊት፣ ሩቅ እንዲያይ አድርጊው፤ መስኮቱን ገርበብ አድርጊ፤ ቁርሱ ቀለል ያለ ይሁን። ዳቦና ብርቱካን ይበቃል። ቆሎ ግን ለትንሹ በሚሄድ መኪና ውስጥ አትስጪው፣ ሊያንቀው ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እልሻለሁ፦ ቢያለቅስም ቢለምንም ትንሹን ጭንሽ ላይ አታስቀምጪው። ለዕድሜው የሚሆን መቀመጫ ላይ በቀበቶ ታስሮ ይሂድ። ማቀፍ ሲያምርሽ መኪናው ይቁም።

ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአንድ ቀን ለመጨረስ አትቸኩሉ። ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ጎራ ብላችሁ ማደር ትችላላችሁ፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ዓሣ ገበያው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው የዓሣ ትርፍራፊ ሲጠብቁ ማየት ለልጆች ከምንም ይበልጣል።

ስልኩን ከሃላባ እስከ ሶዶ ላለው መንገድ አቆዪው፤ እስከዚያ ሁሉም ይደክማል። ኔትወርክ ሊቆራረጥ ስለሚችል የሚያዩትን ቤት ሳላችሁ አውርጂ። የአባያ ውኃ ብቅ ሲል ስልኩ ይዘጋና ለትልቁ ልጅ ይህን ጥያቄ ስጪው፦ አባያና ጫሞ ጎረቤታሞች ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት ብቻ ነው፤ ታዲያ የአባያ ውኃ ለምን ቀላ ያለ ቡናማ ሆነ? መልሱ ወንዞች የሚያስገቡት ደለል ነው። እስኪደርስበት ድረስ አትንገሪው።