ትርጉሙን ከመናገራችሁ በፊት

ሥዕል ለምትማሩ ልጆቼ፣

በ17ኛው መቶ ዘመን ስለተሣሉት የሆላንድ የቤት ውስጥ ሥዕሎች ስታወሩ ትቸኩላላችሁ። ውሻው ታማኝነት፣ ሻማው ዕድሜ፣ አለቀ። አይፈረድባችሁም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ያደገ ዓይን ጻድቁን በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በአንድ ዓይን መለየት ለምዷል። ሆላንዶቹ ግን እንዲህ ያለ ቁርጥ ሕግ አልነበራቸውም።

አንዳንዱ በእርግጥ ምክሩን አይደብቅም። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ያን ስቴን በ1663 እ.ኤ.አ. በሣለውና ዛሬ ቪየና በሚገኘው ሥዕል የቤቱ እመቤት እንቅልፍ ወስዷታል። ውሻው ገበታ ላይ ወጥቶ ይበላል፤ አንዲት ልጅ ቁም ሳጥን ትበረብራለች፤ ጦጣ ሰዓቱን ትነካካለች። ታች ጥግ ላይ ያለው ሰሌዳ በድሎት ጊዜ መጠንቀቅ እንደሚገባ ይናገራል። አሁን ቀና በሉ፤ ከጣሪያው በተንጠለጠለው ቅርጫት ውስጥ ምርኩዝና አርጩሜ አለ። የቤተሰቡ ነገ እዚያ ተሰቅሏል። ይህ መካሪ ታዲያ በ1672 ላይደን ውስጥ መጠጥ ቤት የከፈተ፣ በገዛ ሥዕሎቹም ውስጥ ከጠጪዎቹ ጋር ሲስቅ የሚታይ ሰው ነው! ይገሥጻል ወይስ ይዝናናል? ሁለቱንም ይመስለኛል።

ሌላው የዘመኑ ሆላንዳዊ ሠዓሊ ቨርሜር ጋ ስትደርሱ ግን ቀስ በሉ። ድሬዝደን ያለችው፣ መስኮት አጠገብ ቆማ ደብዳቤ የምታነበው ልጅ ከኋላዋ ባዶ ግድግዳ ነበራት። ስለዚያ ባዶነት ስንት ተባለ! በ1979 በራጅ ሲታይ ኩፒድ፣ ያ ክንፋሙ የፍቅር አምላክ፣ ከቀለሙ ሥር ተገኘ። ቨርሜር ራሱ ሐሳቡን ለውጦ ደፈነው ተባለ። ከ2017 ወዲህ ሥዕሉ ሲታደስ ግን በሁለቱ ቀለሞች መካከል አሮጌ ቫርኒሽ (ሥዕል ካለቀ በኋላ የሚቀባ መከላከያ) እና እድፍ ታየ። እድፍ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይጠራቀምም፤ የደፈነው ሠዓሊው ከሞተ በኋላ የመጣ ሌላ እጅ ነው። ሽፋኑ ተፍቆ በ2021 ለሕዝብ ሲቀርብ ኩፒዱ የአስመሳይነትን ጭምብል ረግጦ ቆሟል። ዋሽንግተን ያለችው የቨርሜር ሚዛን የያዘች ሴትም ወርቅ ወይም ዕንቁ ትመዝናለች ሲባል ኖሮ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሚዛኑ ባዶ ሆነ።

ስለዚህ መጀመሪያ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ ብርሃኑ ከየት ገባ፣ ማን ማንን ያያል፣ እጅ ምን ይዟል። የዘመኑን የምሳሌ መጻሕፍት፣ ማለትም ሥዕልን ከነትርጉሙና ከነምክሩ የሚያቀርቡትን፣ ከዚያ በኋላ ክፈቱ።

ይህን በዚያው ዘመን ሠዓሊ በተር ቦርኽ ሞክሩት። አምስተርዳም ያለው ሥዕሉ «የአባት ተግሣጽ» ሲባል ኖሯል። እስቲ አባት የተባለውን ወታደር ፊት እዩና ዕድሜውን ገምቱልኝ።