መልስ፦ ሬዲዮ በዋይፋይ መስማት ዳታ ይጨርሳል?

እህቴ፣ ኮዬ ፈጬ ከገባሽ ወዲህ ኤፍኤም እየተቆራረጠ እንዳስቸገረሽና በስልክሽ በኢንተርኔት ብትሰሚ ዳታ ይበላ እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም ቱሉ ዲምቱ ነኝ፤ ችግርሽ ይገባኛል።

አይዞሽ፣ ሬዲዮ እንደ ቪዲዮ አይበላም። በሴኮንድ 64 ኪሎቢት የሚለቅ ጣቢያ በሰዓት የሚወስደው 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። 128 ከሆነ እጥፉን፣ 58 አካባቢ። ጥራት የሚያስመርጥ መተግበሪያ ካገኘሽ ዝቅ አድርጊው፤ ለዜናና ለወግ 64 ከበቂ በላይ ነው። ዋይፋዩ ያልተገደበ ከሆነ ጭራሽ አታስቢ። ከሌላ ስልክ በሆትስፖት የምትወስጂ ከሆነ ግን ከዚያ ስልክ ፓኬጅ ላይ ነው የሚቆረጠው፤ ባለቤቱን አስፈቅጂ።

ስክሪኑን አጥፍተሽ ስሚ፣ ባትሪ ይተርፍልሻል። ስክሪኑ ሲጠፋ ድምፁም ከተቋረጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ ቆጣቢው ነው መተግበሪያውን የሚዘጋው። ሴቲንግ ገብተሽ ስክሪኑ ሲጠፋም እንዲሠራ ፍቀጂለት።

በኢንተርኔት የሚመጣው ከአየሩ ትንሽ ሴኮንዶች ይዘገያል። ኳስ ስትከታተዪ ጎረቤት ቀድሞሽ «ጎል!» ቢል አትደንግጪ።

መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ስልክሽ ኤፍኤም ካለው ያኔ ባለገመድ የጆሮ ማዳመጫ ስኪበት። ገመዱ አንቴና ይሆናል፣ ዳታም አይፈልግም። እኔ ሸገር 102.1ን በረንዳ ላይ ወጥቼ የምሰማው እንደዚያ ነው።