አሜሪካን የገነቡት ስደተኞች ናቸው ወይ? ለሚለው

ወዳጄ፣ «አሜሪካን ስደተኞች ናቸው የገነቧት ይባላል፣ አፍሪካውያኑንም ጨምሮ፤ እውነት ነው ወይስ ማጋነን?» ላልከው፣ በእኔ እይታ አብዛኛው እውነት ነው። በደፈናው ከማውራት ግን አንድ ሥራ ብቻ ጠጋ ብለን እንይ፤ ምሥራቁን ከምዕራቡ ያገናኘውን የባቡር ሐዲድ። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ከካሊፎርኒያ የተነሳው ሴንትራል ፓሲፊክ የሚባለው ድርጅት ሠራተኛ አጠረው። ቻይናውያኑን መጀመሪያ «እነዚህ ቀጫጭኖች ምን አቅም አላቸው?» ብለው ናቋቸው። ኋላ ግን ከሠራተኛው አብዛኛው እነሱ ሆኑ። ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ 500 ሜትር ገደማ ዋሻ በመዶሻና በባሩድ ፈለፈሉ። ድንጋዩ ግራናይት ነው። ቀኑን ሙሉ ተለፍቶ አንዳንዴ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይገፋ ነበር። ውጭ ደግሞ በረዶው ሰው ይውጣል።

ደሞዛቸው ከነጮቹ ያነሰ፣ ምግባቸውም ከራሳቸው ኪስ። በ1867 ሥራ አቆሙ። ድርጅቱ ስንቅ ቆረጠባቸው፤ ከሳምንት በኋላ ምንም ሳያገኙ ተመለሱ።

ከምሥራቅ በኩል፣ ከኦማሃ ከተማ የመጣውን መስመር የዘረጉት በብዛት አይሪሾች ናቸው። ሁለቱ ሐዲዶች ሜይ 10 ቀን 1869 ዩታ ላይ ተገናኙ። በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ውለታ ማለት ይቺ ናት!

አንድ ነገር ግን ላርምህ። በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱትን አፍሪካውያን ከስደተኛ ጋር አትደምራቸው። ጥጡን የለቀሙት፣ ለዋይት ሀውስ ድንጋይ የፈለጡት ሰዎች ወደው አልሄዱም።