ክዳኑ ሲከፈት ይተነፍሳል ወይ?

ልጆቼ፣

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በሬን እያንኳኳችሁ «ጋሼ፣ ቮልሷ እምቢ አለች» የምትሉኝ በዝታችኋል። አልሰለቸኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ግን ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፣ አንዱን ነገር ለአምስት ሰው አምስት ጊዜ ከምናገር ጽፌ ብሰጣችሁ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ አሮጌዋን መኪና በቤቱ አቆይቶ መንከባከብ የሚፈልገው በዝቷል።

ከራሴ ውርደት ልጀምር።

መካኒክ ከሆንኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ሁሉን አውቃለሁ የምልበት ዕድሜ። አንዲት ያረጀች ቮልስ ገዝቼ ቀለም ቀባኋት። የቤንዚን ጋኗ ክዳን ጠፍቶ ስለነበር አንድ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ ከናስ አሳምሮ ሠራልኝ። ልክክ ብሎ የሚገጥም፣ ፊትን የሚያሳይ ክዳን ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መኪናዋ ዐመል አወጣች። ከጎንደር ፒያሳ ተነሥታ ወደ አዘዞ ደህና አድርጋ ትወርድና ልትደርስ ስትል ተንገጫግጫ ትጠፋለች። ሃያ ደቂቃ መንገድ ዳር ተቀምጬ ስሞክራት ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ጥቂት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ እንደገና ትጠፋለች።

ቦቢናው ሞቆ ነው አልኩና ቦቢና ለወጥኩ። ኮንደንሰር ለወጥኩ። የቤንዚን ፓምፑን ለወጥኩ። በመጨረሻም ካርቡራቶሩን ከሌላ መኪና ነቅዬ አመጣሁ። የአንድ ወር ደመወዜ አለቀ፤ መኪናዋ ግን አዘዞ አልደርስም እንዳለች ናት። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ፤ እኔም አንድ ወር ሙሉ ቀንድ ስነክስ ከረምኩ።

አለቃዬ የነበሩት አዛውንት መጡ። ሞተሩ ያለበትን የኋላ ኮፈን እንኳ አልከፈቱም። «ከመታመሟ በፊት ምኗን ነካካህ?» አሉኝ።

«ቀለም ቀባኋት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አልኩ። ክዳኑ ትዝም አላለኝ።

ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ «ስትጠፋብህ የጋኑን ክዳን ከፍተህ ታውቃለህ? ሲከፈት ይተነፍሳል ወይ?» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ እዚያው ቦታዋ ላይ ስትጠፋ ከፊት ወርጄ ክዳኑን አዞርኩት። እንደ ሰው ረጅም ትንፋሽ ስባ አየር ስታስገባ በጆሮዬ ሰማሁ። የድሮው ክዳን ቀጭን መተንፈሻ ነበረው፤ የእኔ ናስ የለውም። ቤንዚኑ በተቀነሰ ቁጥር በጋኑ ውስጥ የሚቀረው አየር እየሳሳ ይሄዳል፤ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ካርቡራቶሩ ይደርቃል። ሃያ ደቂቃ ስጠብቅ አየር በየስንጥቁ ሾልኮ ይገባና ሁሉም ይስተካከላል። በጣም ቀጭን በሆነችው መሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ በሳሁበት፤ አዘዞም ደረስኩ፣ ተመለስኩ።

ልነግራችሁ የምፈልገው በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። መፍቻ ከማንሣታችሁ በፊት ጠይቁ። መቼ ይጠፋል? ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ስንት ደቂቃ ቆይቶ ይነሣል? ከመበላሸቱ በፊት መጨረሻ ላይ የተነካው ምን ነበር? መልሱን በደብተር ጻፉ። ስትሞክሩ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ለውጡና እዩት። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከለወጣችሁ መኪናዋ ብትድንም የትኛው እንዳዳናት ስለማታውቁ ምንም አልተማራችሁም።

አሮጌ ሞተር የሚፈልገው ጥቂት ነው፤ ነዳጅ፣ አየር፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳትና ጥሩ ግፊት። አንዷም ቮልስ ከእነዚህ ውጭ በሆነ ምክንያት አልነሣም ብላኝ አታውቅም። ፍለጋውን ከቀላሉ ጀምሩ። ቤንዚን አለ? አትሳቁ፤ ባዶ ጋን ይዞ ካርቡራቶር ሲፈታ የዋለ ሰው አይቻለሁ። የጥንቶቹ ቮልሶች የቤንዚን መለኪያ ስላልነበራቸው ሹፌሩ በመጠባበቂያ ቧንቧው መኖር ነበረበት።

ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሣው፣ ቀስ ብሎ የሚዞር ከሆነ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። መጀመሪያ የባትሪውን ጫፎች በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ጥረጓቸው፤ ቀጥሎ ማሳውን፣ ማለትም ከባትሪው ወደ መኪናው አካል፣ ከካምቢዮው ወደ አካሉ የሚሄዱትን ጠፍጣፋ ሽቦዎች ፈታችሁ እስኪያበሩ ፈግፍጓቸው። በተለይ ባለ 6 ቮልት በሆኑት ላይ ትንሽ ዝገት ብዙ ኃይል ትበላለች።

እሳቱን ለማየት አንድ ካንዴላ ነቅላችሁ ከካቦው ጋር እንደተሰካ ብረቱን ከሞተሩ አካል አስነኩት፤ በደረቅ ፒንሳ ያዙት፤ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ሰማያዊ ሆኖ ጠጠር ያለ ፍንጣሪ ካያችሁ ደህና ነው። ቢጫና የሰለለ ከሆነ እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን ወደሚያስነሣው ፑንቲና ሂዱ፤ ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህን ሁሉ የምታደርጉት ቤንዚን ባልፈሰሰበት፣ ባልሸተተበት ቦታ ነው።

የተነቀለውን ካንዴላ ሳታዩት አትመልሱት። ጫፉ የማኪያቶ መልክ ካለው ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጥቀርሻ ለብሶ ከጠቆረ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚኑ አንሶ ሞተሩ እየተቃጠለ ነው። ዘይት ከነካው የፒስተኑ ፋሻ ወይም የቫልቭ መሪው አልቋል። እኛ ጎንደር ላይ ጥቁር ካንዴላ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ካለው አምስት እጅ አንዱን ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ግን ፋብሪካው በሰጠው ቀዳዳ ያንኑ ቤንዚን ማፍሰሱን አይተውም። ስለዚህ ጅግለሩን፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብረት፣ አንድ ደረጃ ያነሰ ማድረግ ይረዳል፤ መኪናዋ ዳገቱን በቀለለ ትንፋሽ ትወጣዋለች።

ታዲያ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በዚያው ባነሰ ጅግለር ወደ መተማ ከወረዳችሁ እዚያ ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር በታች ስለሆነ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ለአየሩ አይበቃም፤ በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር በዚህ ሁኔታ ቫልቭ ለማቃጠል ጊዜ አይፈጅበትም። የፋብሪካውን ጅግለር በወረቀት ጠቅልላችሁ ከመኪናዋ አታውጡ። የአየር ማጣሪያው የዘይት ሳህን ያለው ዓይነት ከሆነም አትጣሉት፤ አሮጌ ይመስላል እንጂ ለኮረኮንች መንገድ አቧራ የተፈጠረ ነው። ሳህኑን አጥባችሁ ዘይቱን መቀየር ብቻ ነው።

በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ቤንዚን ሁላችንም በችግር ጊዜ እንገዛለን፤ መካድ አያስፈልግም። ብቻ ከመቅዳታችሁ በፊት ጥቂቱን በብርጭቆ አድርጋችሁ አቆዩት፤ ውሃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል።

አሁን ስለ እሳት። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ቮልስ ስትቃጠል አይቻለሁ፤ ያቃጠላት አንድ ጣት የማይሞላ የቤንዚን ጎማ ነው። ከፓምፑ ወደ ካርቡራቶሩ የሚሄደው ጎማ የሚያልፈው ከሞተሩ በላይ፣ ከፑንቲናው አጠገብ ነው። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ያንጠባጥባል። ጣታችሁ ሲያጥፈው የሚሰነጠቅ ከሆነ ያን ቀን አትንዱ። ስትለውጡ የቤንዚን ጎማ ግዙ እንጂ የውሃ ጎማ ቆርጣችሁ አትግጠሙ፤ ሁለቱንም ጫፍ በማሰሪያ አጥብቁ። ሁለተኛው እሳት ከኋላ ወንበር ሥር ይጠብቃችኋል። የቮልስ ባትሪ እዚያ ነው፤ ሦስት ወፍራም ዘመድ ሲቀመጥበት የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል። በባትሪው ላይ የጎማ ክዳን አድርጉበት። እግረ መንገዳችሁንም ከሥሩ ያለውን ላሜራ በጣታችሁ ተጫኑት፤ የባትሪ አሲድና የክረምታችን እርጥበት ተባብረው የሚበሱት እሱን ነው።

ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመያዝ አይታመንም። ከመኪና ሥር ከመግባታችሁ በፊት ወፍራም ግንድ ወይም የብረት እግር አስገቡ፤ ብሎኬት ድንገት ይፈረካከሳል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥም ሞተር አታስነሡ።

ስለ ማጥበቅ ልናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሞተር የሚሞተው ባለመጥበቅ ሳይሆን በማጥበቅ ነው። የቮልስ ሞተር አካል የማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ ለስላሳ ነው። ከሥሩ ያለውን የዘይት ወንፊት የሚይዙት ትንንሽ ዳዶዎች የሚፈልጉት 0.7 ኪሎ ግራም ሜትር ብቻ ነው፤ በአጭር ኪያቤ፣ በሁለት ጣት ማለት ነው። ጎረምሳ ክንዱን ሲያሳያቸው ጥርሱ ይላጣል፤ ከዚያ ዘይት ለዘላለም ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ሲልኮን ይለጠፋል። የፋሲል ግቢን ግንቦች ታውቋቸዋላችሁ። በጣሊያን ጊዜ ሲጠገኑ ሲሚንቶ ገባባቸው፤ ሲሚንቶ ግን ለኖራ ግንብ ባዕድ ነው፣ ጠንክሮ ይይዘዋል እንጂ አብሮት አይተነፍስም። በኋላ የመጡት ጠጋኞች እሱን እያወጡ በኖራ መመለስ ነበረባቸው። ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሁለት ብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ በሚገባበት ቦታ ሲልኮን ስትጨምቁ ያን ግንብ አስቡ። የምትፈቱትን ሁሉ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ ብሎኑን በወተት ጣሳ በየቦታው ለዩ፤ ጣሳው ላይ ስሙን ጻፉ። ዛሬ የምትንቁት የድሮ ብሎን ነገ በየሱቁ ዞራችሁ የማታገኙት ነው።

ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ የዛሬ መኪና ያለው የዘይት ፊሊትሮም የላትም፤ ወንፊት ብቻ ናት። በ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩላት፤ አቧራ ከበዛ ቀደም አድርጉ። ቀይ መብራት ከበራባችሁ «ቤት ልድረስና» አትበሉ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ፣ የጎማው ቀበቶ፣ ማቀዝቀዣውንም የሚያዞረው እሱ ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩ ያለ ነፋስ ይቀራል። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መርገብ አለበት። አንድ ትርፍ ቺንጊያ ከወንበር ሥር ይኑር። ዋጋው ከሞተሩ ጋር አይወዳደርም።

ቫልቩ ሲንኳኳ የሚደነግጡ ብዙ ናችሁ። ትንሽ የሚንኳኳ ቫልቭ አያስፈራኝም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ዝም ያለው ነው። ዝም ያለ ቫልቭ ክፍተቱ ስለጠፋ በደንብ አይዘጋም፤ ካልዘጋ አይበርድም፤ ካልበረደ ይቃጠላል። በተለይ ሦስተኛውን ሲሊንደር አደራ። በድሮዎቹ ሞተሮች ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው የእሱን ነፋስ ስለሚጋርድ ከሁሉም በላይ የሚሞቀው እሱ ነው። እኔ በራሴ ሞተር ላይ ለቫልቩ ክፍተት የምለካው 0.15 ሚሊሜትር ነው፤ ቁጥሩ ግን ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የእናንተን መጽሐፍ እዩ። መለካት የሚቻለው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ አድሮ ማለቴ ነው።

የማትችሉትንም ልንገራችሁ። ሞተሩን ለሁለት መክፈልና የፍሬን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይኑር። ፍሬን በግምት አይሠራም።

የናስ ክዳኗ ቮልስ ዛሬ የእኔ አይደለችም። ለጎረቤቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ገና ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምትጽፍበትን ደብተር ሳየው ከእኔ ይበልጣል። ትናንት ማታ ደውላ «ጋሼ፣ ሦስተኛው ቫልቭ ድምፁ ጠፋ፤ አሁኑኑ ላምጣት?» አለችኝ። እንዳታስነሣት፣ ባለችበት እንድታሳድራት ነገርኳት። ነገ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መለኪያዬን ይዤ እኔ እሄዳለሁ።