ወንድሟን ከካምፓላ ማምጣት ለምትፈልገው እህት

ሰላም እህቴ። «ካናዳ ድሮ ቬትናሞቹን ከካምፕ በግለሰብ ስፖንሰር አምጥታለች ይባላል። ካምፓላ ያለውን ወንድሜን እኔስ ማምጣት እችላለሁ?» ብለሽ ነበር። ይቻላል። እኔ ታናሽ ወንድሜን ከዚያው ከካምፓላ አምጥቻለሁ። ግን የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. እኛ ያስገባነው በአምስት ሰው ቡድን ነው፤ አምስት ሰዎች አብረው ፈርመው ስፖንሰር የሚሆኑበት መንገድ ነው። ያ መንገድ ከኖቬምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ መቀበል ስላቆመ፣ መከፈቱን አጣሪ። ካልተከፈተ ከመንግሥት ጋር የስፖንሰር ስምምነት ያላቸውን ድርጅቶች አነጋግሪ። ቤተ ክርስቲያኖችም አሉበት።

2. ሰው። ሐበሻ ለሠርግ 200 ሆኖ ይመጣል፣ ለፊርማ ስትጠሪው ስልኩ አይነሳም። አምስተኛ ሰው አጥተን ጎረቤታችን የሆኑ ቬትናማዊት እናት ፈረሙልን። እማማ ነው የምንላቸው። በጀልባ ወጥተው ማሌዥያ፣ ፑላው ቢዶንግ ደሴት ካምፕ ከርመው በ1980 ነው የመጡት። ያኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ካናዳ 60 ሺህ ያህል የኢንዶቻይና (የቬትናም፣ የላኦስና የካምቦዲያ) ስደተኞች ስታስገባ፣ ከግማሽ በላዩን ስፖንሰር ያደረጉት ምዕመናንና የሰፈር ሰዎች ነበሩ። እማማ ስለ ገንዘቡ አንድም ጥያቄ አልጠየቁም። «የሁሉንም ስም ጻፉ፣ አብሮ የማይመጣውንም» ብቻ አሉ። እሳቸው ሳይጎን የቀሩትን ባላቸውን ጽፈው ስለነበር በኋላ አምጥተዋቸዋል።

3. አልሰማናቸውም። ወንድሜ ጎንደር ከእናቷ ጋር የቀረች የሁለት ዓመት ልጅ ነበረችው። አንድ ደላላ «ልጅ አለኝ ካልክ ፋይልህ ይጎተታል» አለው። አልጻፋትም። እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከመጣ በኋላ ልጁን እናምጣ ስንል ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ «ስሟ ፎርሙ ላይ የለም። ሌላ የምረዳህ ነገር አለ?» አለችኝ። ሌላ ምን ሊኖር! ተጽፋ ቢሆን ኖሮ እሱ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ አመልክቶ ያመጣት ነበር። ያልተጻፈ ልጅ ግን በቤተሰብ ስፖንሰርም አይመጣም። ለሁለት ጠበቃ ከፈልን፣ ሁለቱም ይህንኑ ነገሩን። በ2019 እንዲህ ላሉ ሰዎች ጊዜያዊ ፖሊሲ ባይወጣ ኖሮ እስካሁንም ጎንደር ነበረች። ስትመጣ አሥር ዓመቷ ነበር። ኤርፖርት ላይ አባቷን አልፋ እኔን አቀፈችኝ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ደውይለት። ሚስት፣ ልጅ፣ ያልተፈራረማት ሴት፣ ሁሉንም ጠይቂው። «የለኝም» ካለሽ ነገም ደግመሽ ጠይቂው። ወንዶች ነን፣ እንዋሻለን።