መመርመሪያችሁ «አይደለም» ማለትንም ይልመድ

ልጆቼ፣

ትንኝ የሚያስተላልፋቸውን ቫይረሶች ስመረምር ነው ዕድሜዬ ያለፈው። እናንተም ወደዚሁ ሥራ ልትገቡ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ያኔ ለዚካ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እየሠራሁ ነበር። 96 ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ የዚካ ታማሚዎችን ሴረም፣ ማለትም ከደማቸው የተለየውን ፈሳሽ፣ ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ አሲዱን ጠብ ሳደርግበት ሰማያዊው ቢጫ ሆነ፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኘ ማለት ነው። የጤነኞቹ ጉድጓድ ጥርት ብሎ ቀረ። ጮቤ ረገጥኩ! አለቃዬ ሳህኑን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችና «የዴንጊዎቹስ የታሉ?» አለችኝ። አልሞከርኳቸውም ነበር። በማግስቱ ሞከርኩ። ሁሉም ማለት ይቻላል ቢጫ ሆኑ። ክው አልኩ። ለሳምንታት የለፋሁበት ምርመራ ዚካን ከዘመዶቹ አይለይም።

ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። አራቱ የዴንጊ ዓይነቶች፣ ቢጫ ወባ፣ ዌስት ናይል፣ ሁሉም ፍላቪቫይረስ ይባላሉ። ቫይረሱን ከላይ በሚሸፍነው ኢ ፕሮቲን ላይ አንዲት ትንሽ ጥምዝ አለች። ቫይረሱ ከህዋሳችን ጋር የሚዋሃደው በእሷ በኩል ነው። ይቺ ጥምዝ በሁሉም ላይ አንድ ናት ማለት ይቻላል። ሰውነታችን ደግሞ እሷ ላይ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ያመርታል። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራው ሌላውንም ይይዛል። ብዙዎቻችን ኤንኤስ1 ወደሚባለው ፕሮቲን የዞርነው ለዚህ ነው፤ እዚያ ልዩነቱ ሰፋ ይላል። ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አያድንም። ድሮ ዴንጊ ይዞት የነበረ ሰው ዚካ ሲይዘው፣ ሰውነቱ መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው የድሮውን ነው። የዴንጊው ፀረ እንግዳ አካል ከዚካው በልጦ ቁጭ ይላል።

ውጤቱን የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር አለች። ዚካ ከሆነ ለፅንሱ አንጎል ያሰጋል። ዴንጊ ከሆነ ሐኪሙ የደም መፍሰስን ይከታተላል፣ አስፕሪን እንዳትወስድ ይነግራታል። «ከሁለቱ አንዱ ነው» የሚል መልስ ለእሷ ምን ይጠቅማታል?

እ.ኤ.አ. በ1999 ኒውዮርክ ውስጥ ሰዎች በአንጎል ብግነት መታመም ጀመሩ። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው «ሴንት ሉዊስ» የተባለውን ሌላ ፍላቪቫይረስ ጠቆመ። በዚያው ሰሞን ቁራዎች በየቦታው ይሞቱ ነበር። በብሮንክስ መካነ እንስሳት የምትሠራው፣ እንስሳት በምን እንደሞቱ የምትመረምረው ፓቶሎጂስት ትሬሲ ማክናማራ ግን አልተዋጠላትም። ሴንት ሉዊስ ወፍ አይገድልም፤ ታዲያ እነዚህን ምን ገደላቸው? ብላ ሙጭጭ አለች። በዘረመል ሲታይ ዌስት ናይል ሆኖ ተገኘ፣ ያኔ በአሜሪካ ምድር ታይቶ የማያውቀው። መጀመሪያ ከተሞከሩት ቫይረሶች መካከል ዌስት ናይል አልነበረም። እኔ ይህን ታሪክ ለእያንዳንዱ አዲስ ተማሪ እነግራለሁ።

ስለዚህ ለምርመራችሁ የምትጠቀሙበትን የቫይረስ ፕሮቲን ከመምረጣችሁ በፊት ፍሪዘራችሁን ሙሉ። አንዴ ዴንጊ የያዛቸው፣ ሁለቴ የያዛቸው፣ የቢጫ ወባ ክትባት የወሰዱ፣ ዌስት ናይል የነበረባቸው ሰዎች ሴረም ይኑራችሁ። «ፖዘቲቭ» የሚባልበትን ቁጥር ስትወስኑ፣ ትንኙ በሌለበት አገር የሚኖሩ ጤነኞችን ብቻ አትመኑ። እነሱ ላይ ሁሉም ምርመራ ያምራል። ቱቦው ላይ ሕመሙ የጀመረበትን ቀን ጻፉ። ቫይረሱን ራሱን በፒሲአር፣ ዘረመሉን አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ፣ የምታገኙት በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ ፀረ እንግዳ አካሉ ነው፣ ጣጣውም ያኔ ይጀምራል።

አንዳንዴ ሁሉን ሞክራችሁም አይለይም። ሕያው ቫይረስ አሳድገን፣ ፀረ እንግዳ አካሉ ያመክነው እንደሆነ ለማየት ቀናት የምንጠብቅበት የማምከን ምርመራ እንኳ ሁለቴ በተያዘ ሰው ላይ ይደናገራል። ያን ጊዜ «ፍላቪቫይረስ ነው፣ የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም» ብላችሁ ጻፉ። ወጣት ሳለሁ ይህን መጻፍ ያሳፍረኝ ነበር። ዛሬ አያሳፍረኝም። ሐኪሙ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ናሙና ይልክላችኋል። እስከዚያ የመጀመሪያውን ትራፊ እንዳትጥሉት፤ ሁለቱን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ነው የምትሠሯቸው።