ያረጀችውን ባጃጅ ልሽጣት ወይስ ላሠራት? ለኮምቦልቻዋ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ባጃጇ አርጅታለች። ዘይት ትበላለች፣ ወለሏ ዝጓል፣ ሹፌሩም «ዳገት እምቢ አለች» እያለ ይነዘንዝሻል። እጅሽ ላይ ያለው 80 ሺህ ብር ነው። ሸጬ፣ ይህን ጨምሬ ሌላ ልግዛ ወይስ ሞተሯን ላሠራ ነው ያልሽው። አብሽሪ፣ መልሱ ከምታስቢው ይቀርባል። እኔ ደሴ ላይ ባጃጅ ነድቻለሁ፣ ለሹፌር ሰጥቼም ገቢ ስቀበል ኖሬአለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

እስካሁን የመለሱልሽ አብዛኞቹ ስለ ሞተር ነው ያወሩት። እኔ ወለሉን ነው የምጠይቅሽ። ሞተር ይወርዳል፣ ይፈታል፣ ይታደሳል። ባጃጅ ግን እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የተሠራ ሻንሲ የላትም። የተጠፈጠፈው ላሜራ ራሱ ነው ሰውም ሞተርም የሚሸከመው። እሱ ከበሰበሰ አዲስ ሞተር ብትገጥሚላትም ገንዘብሽን መሬት ላይ ማፍሰስ ነው።

ስለዚህ ሥራ በማትወጣበት ቀን የወለሉን ምንጣፍ አስነሺ። ሹፌሮች ባጃጅ ሲያጥቡ ላዩን ያብለጨልጩታል፣ ምንጣፉን ግን ማንም አያነሳም። ውሃው እዚያ ሥር ተቋጥሮ ይከርማል። ጭቃው ይታጠብ፣ ይድረቅ። ከዚያ ካቻቢቴ ያዢና በእጀታው እያንኳኳሽ ሂጂ። ደህና ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተበላው የታፈነ ነው። የታፈነ ድምፅ የሰማሽበትን በጫፉ ጫን በዪው። ተሳፋሪ እግሩን የሚያሳርፍበት ላይ ቢበሳ አትደንግጪ። ያ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል፣ ጸረ ዝገት ይቀባል፣ አለቀ። የሚያስፈራው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛው ከኋላ ጎማዎቹን የያዙት ክንዶች ከአካሉ ጋር የሚታሰሩበት ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊት የመሪው አንገት የተተከለበት። ካቻቢቴው እዚያ ከገባ ብየዳ አያድንሽም፤ ብየዳ የሚይዘው ደህና ብረት ሲያገኝ ነውና። ጎማ ተነቅሎ ቁልቁለት ላይ ከሚቀር ባጃጅ ይሰውርሽ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀለሙ አዲስ ሆኖ ዝገት የማይታይበት ቦታ ካለ የፍሪጅ በር ላይ ከሚለጠፉት ማግኔቶች አንዱን ይዘሽ ሂጂ። ማግኔቱ ካልያዘ ሥሩ ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ፣ ቀዳዳ የሚሞላበት ልጥፍ ነው። ሌላ ባጃጅ ልትገዢ ስትሄጂም ይህቺን ማግኔት እንዳትረሺ።

አሁን ወደ ሞተሩ። «ዘይት ትበላለች» ብቻውን ብዙ አይናገርም። ምን ያህል? ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ ባጃጇ ሜዳ ላይ ቆማ ዘይቱ ይለካ። በየስንት ቀኑ ምን ያህል እንደተጨመረ ደብተር ላይ ጻፊ። ሹፌሩ «ትንሽ ጨምሬ ነበር» ሲል አትቀበዪው፣ በዓይንሽ እዪ። ሞተሯ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፣ ዘይቱም ማቀዝቀዙን ያግዛል። ጎድሎ ዳገት ከተነዳች ጤነኛዋም አትተርፍም።

ቀጥሎ ጭሱን እዪ። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል። ካርቡሬተርና የአየር ፊልትሮ አስጠርጊ፣ ወጪው ጥቂት ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው የሚቃጠለው። ግን መቼ? ረጅም ቁልቁለት በማርሽ፣ ነዳጅ ሳይሰጣት ትውረድ። ታች ደርሳ ነዳጅ ስትጨመርላት ቡፍ ብላ ሰማያዊ ጭሳ ወዲያው ካቆመች ጥፋቱ በአብዛኛው ከቫልቩ በኩል ነው። ጠዋት ስትነሳ ብቻ ማጨስም የዚሁ ምልክት ነው። ያኔ ቴስታታው፣ ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ፣ ወርዶ ይሠራል፣ ታች ያለው አይነካም። ዳገት ስትጎትት ሳታቋርጥ ከጨሰች ግን ፒስተንና ፋሻው (ፒስተኑን የሚከቡት ቀለበቶች) ተበልቷል፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት መግባቱ አይቀርም። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙ ነው። ብዙ ጋራዥ ግን ሳይለይ «ሙሉ ሞተር ይውረድ» ነው የሚልሽ። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት፣ ለክቶ ቁጥሩን የሚያሳይሽ ሜካኒክ ፈልጊ።

«ዳገት እምቢ አለች» የሚለውን ደግሞ በጥርጣሬ ስሚው። ከፍታ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከእናንተ ዘንድ ደህና ስትሠራ የነበረች ባጃጅ እዚህ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ስትመጣ የምትለምነው ለዚህ ነው። ሹፌርሽ ሦስት ሰው መጫን ሲገባው አምስት ጭኖ ዳገት ካስያዛት ሞተሩን መውቀስ አይቻልም። በዚያ ላይ ፍሪዚዮኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ማርሽ የሚያስተላልፈው) የሚንሸራተት ከሆነ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ አትሄድም፤ እሱ ደግሞ ሌላ ጥገና ነው፣ ከኦቨርሆል፣ ከሙሉ የሞተር እድሳት ጋር አይገናኝም።

ገንዘቡን እንየው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ስፔር ፓርት ከውጭ ነው የሚመጣው፣ የሆነውን ታውቂዋለሽ። ባጃጁም እንደዚያው። ያንቺ አሮጌ ባጃጅ በብር ሲታይ ዋጋዋ ጨምሯል፣ ልትገዢያት ያሰብሻት ግን ከሷ በላይ ዘላለች። 80 ሺህ ጨምረሽ የምታገኚው ምናልባት ያንቺን ችግር በአዲስ ቀለም ነው። የደላላውን፣ የስም ማዞሪያውን፣ ኢንሹራንሱንና ቦሎውን፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ይቺ ብቻ ትቀየር» እየተባለ የሚወጣውን ደምሪበት። የጎረቤቴ ልጅ ዘይት የምትበላውን ሸጦ ጭስ የሌላት ገዛ። የኋላ ክንዷ መታሰሪያ ሙሉ በሙሉ ስቱኮ ነበር። ክረምት ሲገባ ቆመች።

ምክር የሚሰጡሽን ሰዎችም በየኪሳቸው እዪያቸው። ሹፌር ሁልጊዜ አዲስ ባጃጅ ነው የሚፈልገው፣ ወጪው የእሱ አይደለማ። ደላላ ካልተሸጠ አይበላም። ሜካኒክ ካልተፈታ አይበላም። ክፋት አይደለም፣ እንጀራቸው ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። ሁለቱ አደገኛ ቦታዎች ደህና ከሆኑ አልሸጣትም። መጀመሪያ ወለሉን ክረምት ሳይገባ አስበይዳለሁ። ቀጥሎ ፍሬኑን፣ ቁልቁለት አገር ነው ያለነው። ሞተሩን የማወርደው ትምህርት ቤት ሲዘጋና ገበያ ሲቀዘቅዝ ነው፣ የቆመችበት ቀን ገቢ ያን ጊዜ ብዙም አይጎዳም። ዕቃውን ራሴ እገዛለሁ፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ተቀብዬ ቤት እወስዳለሁ። ከ80ው ሁሉንም አላወጣም፤ ሞተር ሲፈታ ያልታሰበ ነገር ይወጣል። ከታደሰ በኋላ ላሉት ሳምንታት ሹፌሩ ከልክ በላይ እንዳይጭን፣ እንዳያስጮኻት እነግረዋለሁ፤ የቀን ገቢውንም ትንሽ እቀንስለታለሁ፣ አለዚያ ቃሉን አይጠብቅም። አዲስ ፋሻ ቦታውን የሚይዘው ሞተሩ ከልክ በላይ ሳይጨነቅ ሲነዳ ነው።

ካቻቢቴው ከገባ ግን አንድ ብር አታውጪባት። አትቀቢያትም፣ አታስደልቢያትም። ከመሸጥሽ በፊት በባጃጅ ማኅበሩ ያለሽ ቦታና የጎን ቁጥሩ ለሌላ ባጃጅ ይዞር እንደሆነ ጠይቂ። አንዳንዴ ከባጃጇ የሚበልጠው እሱ ነው። ከዚያ ያለባትን ነግረሽ ለስፔር ለሚፈልጋት ሽጪ። ለልዩነቱ ዕቁብ ካለሽ ዕጣው እስኪደርስሽ ብትታገሺ ይሻላል። በወለድ ተበድሮ አሮጌ ባጃጅ መግዛት አልወድም። ባጃጇ ስትቆም ዕዳው አይቆምማ።

ስትገዢ የሞተሩንና አካሉ ላይ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አስተያዪ። በውክልና ብቻ የሚሸጥልሽ ካለ እለፊው፣ ስም ይዙርልሽ። የኤሌክትሪክ ባጃጅ ግዢ ያለሽ ሰው ነበር፤ ባትሪው ሲደክም የመቀየሪያውን ዋጋ ሳታጣሪ አትግቢበት።

ምንጣፉን አስነስተሽ ፎቶ ላኪልን፣ የኋላ ክንዶቹ የሚታሰሩበት በደንብ ይታይ። የቁልቁለቱን ጭስም ነገ ሹፌሩ ሥራ ሳይጀምር እዪው።